ታኮውን ማን ያዘ?

ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሾፌር ጎረቤት ካላችሁ፣ የበኩር ልጁ የተወለደችበትን ዓመተ ምሕረት ጠይቁት። አይነግራችሁም። የኛው ጎረቤት ወረዳ ሄደው የልጃቸውን የልደት ዘመን ሲጠየቁ፣ ጣሪያ ጣሪያ እያዩ ጥቂት አሰቡና «የኤንትሬዬ ቴስታታ የተሰነጠቀ ጊዜ ነው» አሉ። የመዝጋቢዋ እስክሪብቶ አየር ላይ ቀረ። ባለቤታቸው ከጎን ቱግ አሉ፤ «ኧረ ተው አንተ ሰውዬ! የቴስታታው ጊዜማ ታናሿ ናት። ይቺኛዋ የተወለደችው ጉርኒሲዮኑ የተቃጠለ ጊዜ ነው። አራስ ቤት ተኝቼ ለጉርኒሲዮን መግዣ ብለህ የቅቤዬን ብር የወሰድክብኝ!» ክርክሩ ጋለ። ከኋላ የተሰለፈው ሰው ሳይቀር ገባበትና ግማሹ ቴስታታ፣ ግማሹ ጉርኒሲዮን ሆነ። ልጅት፣ ዛሬ እሷም የልጆች እናት ናት፣ ፎርሟን እንደያዘች መሃል ቆማለች። ዕድሜዋ እስካሁን በውል አልታወቀም፤ ያ ሞተር ስንት ጊዜ እንደወረደ ግን መላው ወረዳ ያውቃል።

የምኖረው ቃሊቲ ነው፤ የጋራዡ፣ የጎሚስታው፣ የባሌስትራ ሠሪው ሰፈር። ከግቢዬ አጥር ጋር የተጣበቀች አንዲት ሻይ ቤት አለች። ቆርቆሮዋ ስስ ነው። ሥራ ፈት አይደለሁም፤ ልብስ የማጥበው ግን በአጥሩ በኩል ነው፤ ልብሱም እንዳጋጣሚ እነሱ ሰብሰብ ሲሉ ነው የሚቆሽሸው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ዘጠኝ ጡረተኛ ሾፌሮች ይሰየማሉ። የመዝገብ ስማቸውን የሚያውቅ የለም። የሚጠሩት በነዱት መኪና ነው፤ ጋሽ ኤንትሬ፣ ጋሽ ቮልቮ፣ ጋሽ ኦኤም፣ ጋሽ ኢፋ፣ ሌሎቹም እንደዚያው።

አንድ ጊዜ በበሬ ሥር የሰርግ መጥሪያ ተወርውሮ አገኘሁ። «አቶ እገሌና ወይዘሮ እገሊት ልጃቸውን ሲድሩ...» ይላል። ሰዎቹን ስለማላውቃቸው የተከራይዋ መስሎኝ ሰጠኋት። እሷም አላወቀቻቸውም፤ ለባለሱቁ ሰጠችው። ባለሱቁ በርበሬ ጠቀለለበት። ሰርጉ ካለፈ በኋላ ሰፈሩ በሙሉ አኩርፎ ተገኘ፤ «ጋሽ ቮልቮ ልጃቸውን ሲድሩ እኛን ሳይጠሩ!» ጋሽ ቮልቮም ብሰው አኩርፈዋል፤ መጥሪያውን በየቤቱ አድለው፣ በሬ ጥለው፣ ድንኳኑ ውስጥ የተገኘው ዘመድ ብቻ ነበር። ለዕርቅ ስንቀመጥ አንድ ሐሳብ አቀረብኩ። ለሁለተኛው ልጅ፣ መጥሪያው ጀርባ ላይ የመኪናው ሊብሬ ይታተም።

ኤንትሬን ለማታውቁ ልጆች ልንገራችሁ። ፊያት 682 የምትባለዋ ናት። ጣልያን እ.ኤ.አ. በ1952 መሥራት ጀምሮ እስከ 1988 ሳይሰለች ሠርቷታል። ስድስት ሲሊንደር፣ ከአሥር ሊትር የሚበልጥ ሞተር፣ ከፊት መስታወቷ በታች ደግሞ ግራና ቀኝ የተዘረጋ ነጭ ብረት፣ ልክ ሪዝ የመሰለ። ጋሽ ኤንትሬም እንዲያ ያለ ሪዝ አላቸው፤ ማን ከማን እንደቀዳ አይታወቅም። ጣልያኖቹ መኪናዋን «የአፍሪካ ንጉሥ» እንደሚሏት የልጅ ልጃቸው ከስልኩ አንብቦ የነገራቸው ዕለት ጉድ ፈላ። ሰውዬው ሹመቱን ለራሳቸው ወሰዱት። ሻይ ቤት ሲገቡ ጉሮሯቸውን ጠርገው ሰው እስኪነሣላቸው መጠበቅ ጀመሩ። አስተናጋጇ ሒሳብ ስትጠይቃቸው «ንጉሥ ይከፍላል እንዴ?» አሏት። «ንጉሥ ዱቤስ ይወስዳል እንዴ?» አለችና ደብተሯን ዘረጋችላቸው። ዘመነ መንግሥታቸው በዚያው አበቃ።

ወደ ጭነቱ እንምጣ። ጋሽ ኤንትሬ ከአሰብ ስኳር ጭነው የመጡበትን ያንን ጉዞ መጀመሪያ ስሰማው፣ ከነተሳቢው ሁለት መቶ ሃያ ኩንታል ነበር። ለፍልሰታ ሁለት መቶ ስድሳ ደረሰ። ለመስቀል ጋሽ ቮልቮ «እኔ ሦስት መቶ ጭኛለሁ» ስላሉ፣ በነጋታው ሦስት መቶ ሃያ ሆኖ አደረ። መኪናዋ ከተሸጠች ስንት ዘመኗ! ቆማ ነው የምትጭነው። «ጋሼ፣ ያን ጊዜ በመንገዱ ላይ የሚዛን ጣቢያ አልነበረም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ሚዛን ምን ያደርጋል የኔ ልጅ? ባሌስትራዋን አይተሽ ታውቂዋለሽ» አሉኝ። ይሄን መልስ ወድጄዋለሁ። እኔም ጤና ጣቢያ ሄጄ ሚዛን ላይ ውጪ ስባል ይህንኑ እላለሁ።

ከሁሉም የሚያስቀኑኝ ግን የሁሉም ታላቅ፣ ጋሽ ትሬንታ ኳትሮ ናቸው። የሳቸዋ መኪና ፊያት 634 ናት፤ ጣልያን በ1928ቱ ወረራ ይዟት የመጣው። ጦሩ ተባርሮ ሲወጣ መኪኖቹ ቀርተው ስንት ዓመት አገር አገልግለዋል። በኛ ሰፈር ያቺን መኪና የነዳ ከሳቸው ሌላ ሰው በሕይወት የለም፤ ስለዚህ የሚያስተባብል የለም። አንድ ቀን፣ ሌላ መኪና ከነጭነቱ አዝላ ሊማሊሞን ወጣች አሉን። ሌሎቹ ስምንቱ ተያዩ፣ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፣ ሻያቸውን ጠጡ። ሰው ረጅም ዕድሜ የሚመኝበት ምክንያት ያን ዕለት ገባኝ።

ሲያወጉ ጠረጴዛው ራሱ ካርታ ይሆናል። ስኳር ዕቃው አዋሽ ነው፣ አንዱ ብርጭቆ ገዋኔ፣ ሌላው ሚሌ፣ የጋሽ ኦኤም የመነጽር ማኅደር ሎጊያ፣ የጠረጴዛው ጠርዝ ቀይ ባሕር። መኪናዋ የክብሪት ቀፎ ናት። አስተናጋጇ ባዶ ብርጭቆ ልታነሣ ስትዘረጋ ዘጠኝ እጅ ባንዴ ይነሣል፤ «ተይ! ሚሌን እንዳትነኪ፣ ገና አልደረስንም!» ታዲያ ድምፁስ? ሞተር በአፍ ነው የሚነሣው። «ድድድድ... ግርርርር... ፍስስስ!» ፍስስሱ የአየር ፍሬኑ ነው፤ ጥርስ ያነሰው ሰው ይበልጥ ያምርለታል። ጋሽ ኦኤም ዘንግተው ገዋኔን አንሥተው ፉት ያሉ ዕለት መኪናዋ በረሃ መሃል መንገድ አጣች፤ ጠቡን ለማብረድ ሌላ ሻይ ታዘዘ። አንድ እንግዳ ሰው ደግሞ አንድ ጠዋት በሩ ላይ ደርሶ፣ ዘጠኝ ሽማግሌ ባንድ ላይ ዳገት ሲወጡ ሰምቶ፣ ቀስ ብሎ ተመልሶ ሄዷል።

የፍሬኑ ነገር ደግሞ አለ። ጣርማ በርን የሄደበት ያውቀዋል። ደብረ ብርሃንን አልፋችሁ፣ ጣልያን የፈለፈለውን ዋሻ ገብታችሁ ስትወጡ ምድር ከሥራችሁ ይጠፋል፤ ከሦስት ሺሕ ሜትር በላይ ከሆነው ብርድ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ነው። ዘጠኙም ሾፌሮች እዚያ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ብሏቸዋል። ሻይ ቤቱን አምኜ ብናገር፣ ጣርማ በርን ፍሬኑ እየሠራለት የወረደ ኢትዮጵያዊ እስካሁን አልተገኘም። አንዱ በማርሽ ያዛት፣ አንዱ ከግድግዳው ጋር አፋትጎ አቆማት፣ አንዱ ለቁልቢ ገብርኤል ተስሎ ቀና ሲል ደብረ ሲና ደርሷል። ጋሽ ኦኤም ይህን ሲተርኩ ማየት ነው! በርጩማው ላይ ወደ ኋላ ተለጥጠው፣ ሁለት እጃቸው የሌለ መሪ ጨብጦ፣ ቀኝ እግራቸው የሌለ ፍሬን እየረገጠ፣ ጠረጴዛው እየተንቀጠቀጠ... ሁላችንም፣ እኔም ከነሳሙናዬ፣ ትንፋሻችንን ውጠን ሳለ፣ ከጥግ አንድ ድምፅ መጣ፤ «ጋሼ፣ ያን ዕለት እኮ ሞተሪኖው አልነሣ ብሎ ደብረ ብርሃን ነው ያደርነው።»

«ዝም በል አንተ ልጅ!»

ልጁ ስድሳውን አልፏል። የልጅ ልጆች አሉት።

ይሄ «ልጅ» ረዳት ነበር። እዚያ ሻይ ቤት ውስጥ ረዳት ነበርኩ የሚል ሌላ ሰው የለም። ዘጠኙ ሾፌር ሆነው የተወለዱ ናቸው፤ አምስተኛ መንጃ ፈቃድ ጨብጠው ነው ከማኅፀን የወጡት። እኔ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ያን ሁሉ ዳገት ከኋላ ታኮ ይዞ የሮጠው ማን ነው? ኤንትሬ ሙሉ ጭነት ይዛ አቀበት ስትይዝ ከእግረኛ ብዙም አትፈጥንም። ረዳቱ ያን የሚያህል የእንጨት ታኮ አቅፎ፣ ጭሷን እየጠጣ፣ ከኋላ ጎማው አጠገብ ይሮጣል፤ ማርሽ ሲቀየር ወይም ጉልበት ሲያንሳት ወደ ኋላ ሸተት ካለች ጎማው ሥር ይወትፈዋል። ማታ ካላማደሪያ የሚለጥፈው እሱ ነው። ጭነቱ ላይ የሚተኛውም እሱ ነው። ብዙዎቹ የጣልያን መኪኖች ደግሞ መሪያቸው በቀኝ ነበር። አገራችን በ1956 ዓ.ም. ከግራ ወደ ቀኝ ስትዞር ሾፌሩ በገደሉ በኩል ቀረ፤ ለመቅደም መንገዱን አሻግሮ የሚያየው በግራ የተቀመጠው ረዳት ሆነ። «ና! ና! ያዘው! አሁን ልቀቀው!» የሚለው እሱ ነው። እጅ የሾፌሩ፣ ዓይን የረዳቱ ነበር ማለት ነው። ወሬው ላይ ሲደርስ ግን ዓይኑም እጁም የሾፌሩ ሆነ። ለነገሩ ምን አስደነቀኝ? እኔስ ቤት እንግዳ «እንዴት ያለ ወጥ ነው!» ሲል «እጄ ነው» ብዬ አይደል የምመልሰው፣ ሽንኩርቱ ያስለቀሳት ልጅ ጓዳ ተቀምጣ።

እስከ 1990ው ጦርነት ድረስ የአገሩ ዕቃ በብዛት የሚገባው በአሰብ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ መንገዱ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ዘጠኙ ጅቡቲን መንገድ ብለው አይቆጥሩትም። «ጅቡቲማ ልጆችም ይሄዳሉ» ይላሉ፣ ጡረታ እስኪወጡ ሲመላለሱበት የኖሩ ሰዎች። አሰብ ግን! የአፋር ፀሐይ ከላይ፣ ሞተሩ ከጎን። ኤንትሬ ሞተሯ ጋቢናው ውስጥ፣ በሾፌሩና በረዳቱ መሃል ነው የተቀመጠው፤ ክረምት በጋ ምድጃ ታቅፎ መሄድ ነው። ጋሽ ቮልቮ ኮፈን ላይ እንቁላል ጠበስኩ አሉ። ጋሽ ኤንትሬ እንቁላሉን ጨርሰው እስኪያወሩ ታገሡና፣ እሳቸው በግ ጠበሱ።

ሚስቶቻቸው ደግሞ ሌላ አሰብ ነው ያላቸው። እሱን የምሰማው እኔ ቤት ቡና ሲፈላ ነው። አንድ ቀን የጋሽ ኤንትሬ ባለቤት ስኒያቸውን አስቀመጡና፣ «ሎጊያ ላይ ጎማ ፈንድቶብን ሁለት ቀን አደርን ይለኝ ነበር» አሉ። «ሁልጊዜ ሎጊያ! አዋሽ አይፈነዳ፣ ገዋኔ አይፈነዳ። እኔ ደሞ የዋህ፣ ስለት እሳልለት ነበር። በኋላ ጠይቄ ጠይቄ ስደርስበት፣ ያ ጎማ እንዴት ያለ ዐዋቂ ጎማ መሰላችሁ፤ ሻይ ቤት ደጃፍ ሲደርስ ነው የሚፈነዳው!» ሴቶቹ ከሳቅ የተነሣ እጣኑን ደፉት። ከአጥሩ ማዶ ለአፍታ ጸጥ አለ። ከዚያ ስለ ድሮ ካላማደሪያ ጥራት ሞቅ ያለ ውይይት ተጀመረ።

ጋሽ ኢፋን ሁሉም ይተርቧቸዋል። መኪናቸው በደርግ ጊዜ ከምሥራቅ ጀርመን የመጣችው ናት። ምሥራቅ ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1977 ቡናው ጠፍቶባቸው፣ የውጭ ምንዛሪም አጥሯቸው፣ የጦር መሣሪያና ከባድ መኪና እየሰጡ የኛን ቡና ወስደዋል። ጋሽ ኤንትሬ ይህን ከሰሙ ወዲህ ለጋሽ ኢፋ ዕረፍት የለም። «ያንተን መኪናማ በቡና ነው የለወጥናት፤ ለዚህ ነው ጠዋት ጠዋት ካልሞቀች የማትነቃው!» ጋሽ ኢፋ ደግሞ ነገር አዋቂ ናቸው፤ ሻያቸውን በደንብ ካማሰሉ በኋላ ነው የሚመልሱት። «የኔዋስ በሰላም ተገዝታ መጣች። ያንተዎቹን አድዋ ላይ በእግራቸው ሲመጡ አባረርናቸው፤ አንተ በጎማ አስገባሃቸው።»

ጋሽ ኤንትሬ ሳሎን ግድግዳው ላይ ሁለት ፎቶ አለ። አንዱ የሰርጋቸው ነው፤ ከረባት አንቋቸው፣ ፖሊስ ጣቢያ የተነሡት ይመስላል። ሌላው ከኤንትሬዋ ጋር ነው። አንድ እግራቸውን የፊት ብረቷ ላይ ሰቅለው፣ ጥቁር መነጽር አድርገው፣ ክንዳቸውን በሩ ላይ ጥለው፣ ሠላሳ ሁለት ጥርሳቸው ይታያል። ከላይ የተሰቀለው የቱ እንደሆነ መንገር አያስፈልግም። የላስቲክ አበባውም ያለው እዚያ ነው። ባለቤታቸው ፎቶውን አቧራ በጠረጉ ቁጥር «ከኔ ጋር እንዲህ ስቆ አያውቅም» ይላሉ። ቀጥለውም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ሰውዬው እንዳይሰሙ፣ ያን ጊዜ መኪናዋን ምን ይሏት እንደነበር ይነግሩኛል። አጋሰስ ነበር የሚሏት። ቤት በገቡ ቁጥር ይረግሟት ነበር። ገዢ እንዲመጣ ስለት ተስለው፣ የተሸጠች ዕለት በግ ታርዷል። ምናልባት ያ ሞተር ላይ የተጠበሰው በግ ይሄኛው ይሆናል።

ይህን ያህል ዘመን ከሞተር ጋር የኖረ ሰው ደግሞ ሁሉን ነገር በሞተር ነው የሚያየው። ፍሪጄ አንድ ቀን ዝም አለብኝ። ጋሽ ኦኤም ሰምተው ካቻቢቴ ይዘው መጡ። የካቻቢቴውን ጫፍ ፍሪጁ ጀርባ ላይ ተከሉ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ ደገፉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቤተሰቡ በሙሉ እግሩን አንሥቶ ቆመ። ከብዙ ዝምታ በኋላ «ኩሽኔታው አልቋል» አሉ። ተስማማን፣ አዘንን፣ ቡና አፈላንላቸው። ሁለተኛው ሳይቀዳ መብራት መጣና ፍሪጁ እያጓራ ተነሣ። ጋሽ ኦኤም ግን ፍንክች የለም፤ «እሱ ነው፣ ስሚው፣ ኩሽኔታው ነው» አሉኝ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከዚያ ወዲህ ለኔም ይሰማኛል።

የጋሽ ቮልቮ የእኅት ልጅ ሲኖትራክ ይነዳል፤ ሰዉ «ቀይ ሽብር» የሚለውን። አንድ ቀን ሻይ ቤቷ ደጃፍ አቆመውና ከሽማግሌዎቹ ሦስቱ ሊፈትሹት ጋቢናው ላይ ወጡ። «ይሄ መኪና ነው ወይስ ሳሎን?» አሉ። «ወንበሩ ይወዛወዛል! ሞተሩ የት ነው? ለምን አይሞቅም?» ልጁ ማቀዝቀዣውን ከፈተላቸው። ከውጭ ሆነን ስድቡን ስንሰማ ቆየን። ስድቡ ቀዘቀዘ። ዝም አለ። ቆይቶ ልጁ በሩን ሲከፍት ሦስቱ ጋቢናው ውስጥ አንገታቸውን ጥለው ተኝተዋል። ጋሽ ኤንትሬ ነቅተው ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ወረዱና፣ «ሰው የሚያስተኛ ደሞ መኪና ይባላል?» አሉ።

አሁን ጭራሽ ኤሌክትሪክ መጥቷል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ከውጭ አይግባ ካለ ወዲህ፣ የጭነቱም ተራ ይደርሳል እያሉ ይሰጋሉ። ነዳጁ አይደለም የሚያሳስባቸው፣ ድምፁ ነው። «ድምፅ የሌለው መኪና ይዘህ ስትመጣ ሚስትህ በምን ታውቃለች?» ይሄን ጊዜ እኔም አላስችል ብሎኝ በአጥሩ ላይ አንገቴን ብቅ አደረግሁ። የሾፌር ልጅ ነኝ። አባቴ ገና ከሩቅ ሲመጣ የሞተሩን ድምፅ ከሌላው ለይቼ «አባባ መጣ!» እል እንደነበር፣ እናቴ በኔ ጆሮ ተማምና ውኃ ትጥድ እንደነበር አወራሁላቸው። የዘጠኙም ዓይን ዕንባ አቀረረ። ታላቅ እኅቴ በዚያ ሰሞን ልትጠይቀኝ መጥታ ይህንኑ ስትሰማ ግን፣ «ኧረ የምን ጆሮ! ረዳቱ ቀድሞ ወርዶ እየሮጠ መጥቶ አልነበር የሚነግረን?» አለች። እኅት ስትመጣ አጥር ጥግ ማጠብ ጥሩ አይደለም።

በቅርቡ አንድ ወሬ መጣ። እዚያው ቃሊቲ፣ አንድ ጋራዥ ጀርባ፣ አንዲት ኤንትሬ ቆማለች፤ ሞተሯ አሁንም ይነሣል፤ ባለቤቱ ግን ለቁርጥራጭ ብረት ሊሸጣት ነው። ዘጠኙ ሚኒባስ ኮንትራት ይዘው፣ ረዳት የነበረውን «ልጅ» ከኋላ ወንበር አስቀምጠው ሄዱ። እኔም በዚያ በኩል ጉዳይ ነበረኝ። ምን ጉዳይ እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ደረስን። ሣር በቅሎባታል፣ ዶሮ ሰፍሮባታል። ጋሽ ኤንትሬ ዞሯት፣ ዳሰሷት፣ ሪዟን በጋቢያቸው ጫፍ ወለወሉና «የኔ ናት!» አሉ። «ኧረ የኔ ናት!» አሉ ጋሽ ኦኤም። «አንተ ኦኤም አይደል እንዴ የነዳኸው?» «ከኦኤም በፊት!» ታርጋ ስለሌላት የሁሉም ሆነች። ባለጋራዡ በትሕትና ሰምቶ ሲያበቃ፣ «አባቶቼ፣ እንግዲያስ ከእናንተ አንዱ እስከ በሩ ያውጣልኝ። የኔ ልጆች ማርሿን አልቻሉትም» አለ። እውነቱን ነው፤ የሷ ማርሽ ፍሪሲዮን ሁለቴ ተረግጦ፣ ሞተሩን በጆሮ እያዳመጡ ካልሆነ ይጮኻል እንጂ አይገባም።

ጋሽ ኤንትሬ ጉልበታቸው ትዝ አላቸው። ጋሽ ቮልቮ መነጽር ቤት ረስተዋል፤ አፍንጫቸው ላይ ነው ያለው። ጋሽ ኦኤም ስኳር የሚለኩበት ሰዓት ደርሷል። ጋሽ ኢፋ «እኔ የጣልያን አልነዳም» አሉ። ጋሽ ትሬንታ ኳትሮ ከላይ እስከ ታች አዩዋትና «ይቺ ለኔ ታንሳለች» አሉ።

ልጁ ጃኬቱን አውልቆ «ያዢልኝማ» አለኝና ወጣ። ዶሮዋን አባረራት። ሞተሪኖው አንዴ አጉረመረመ፣ ሁለቴ አጉረመረመ፣ ከዚያ ጭሱ ግቢውን ሞላውና ያ ሞተር ተነሣ። ፍሪሲዮን፣ ቆይቶ፣ እንደገና ፍሪሲዮን። ማርሹ ድምፅ ሳያሰማ ገባ። የኔ ዓይን ሽማግሌዎቹ እግር ላይ ነበር፤ ዘጠኝ ግራ እግር መሬቱን አብሮ ሁለቴ ረግጧል። ወደ በሩ አወጣት፣ አቆማት፣ ወርዶ እጁን በሱሪው ጠረገ፣ ጃኬቱን ተቀበለኝ። አንድም ቃል አልተናገረም።

በነጋታው ልብስ ነበረብኝ። ሦስት ሰዓት ላይ ጋሽ ኤንትሬ «እኔማ እምቢ ብዬ ነበር፤ ባለጋራዡ እግሬ ላይ ወድቆ ለመነኝ እንጂ» ብለው ጀመሩ። አምስት ሰዓት ሲሆን መኪናዋ ከጋራዡ የወጣችው ሁለት መቶ ኩንታል ጭና ነው። ለምሳ ሲበተኑ በሩ አጠገብ ቁልቁለት ተገኝቷል፤ ከሰዓት በኋላ ፍሬኑ እምቢ አለ። አስተናጋጇ ናት የጠየቀችው፤ «ታዲያ እሱስ? ልጁስ የት ነበር?»

«ልጁማ ታኮ ይዞ ከኋላ ይሮጥ ነበር» አሉ ጋሽ ኤንትሬ። ከዚያ ወደ አጥሩ ዞሩ፤ «አንቺ! እዚያው አልነበርሽ? አይደለም እንዴ?»

ልጁን አየሁት። ጥጉ ላይ ተቀምጦ ሻዩን እፍ እያለ ፈገግ ብሏል። ለኔም አንድ ሻይ በአጥሩ ላይ ተሻግሮልኝ ነበር፣ ሒሳቡ በጋሽ ኤንትሬ ዱቤ።

«ነበርኩ እንጂ!» አልኩ። «እንዴት ያለ ትልቅ ታኮ መሰላችሁ!»